ከአንድ ጉድጓድ የወጡ

ሕሩይ ተወልዶ ያደገው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ማለት በሚጀምርበት ሰፈር ነው። አባቱን አያውቀውም። እናቱ ትምህርቱን ሳይጨርስ አረፈች፤ ከዚያ ወዲያ ያሳደገው ሥራ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ድንጋይ ተሸከመ፣ ቀጥሎ ፌሮ ማሰር ለመደ፣ ውሎ አድሮም ሲግናል አካባቢ በሚሠራ አንድ ፎቅ ላይ የብረት አሳሪዎቹ አለቃ ሆነ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሰው ስቆ ሲጨርስ ነው እሱ ፈገግ የሚለው። ልቡ ወደ ሴት እንደማያዘነብል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ይህን ግን ለማንም፣ ለንስሐ አባቱ እንኳ፣ ተናግሮ አያውቅም። ብቻዬን ኖሬ ብቻዬን እሞታለሁ ብሎ ቆርጦ፣ በዚያም ብዙ ሳያማርር ይኖር ነበር።

ሸረፈዲን ወደዚያ ፎቅ ሥራ የመጣው ፓምፕ ተሸክሞ ነው። አባቱ ሓጂ ዒምራን ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ የውሃ ፓምፕ የሚያከራዩበትና የሚጠግኑበት ሱቅ አላቸው። ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ ቢሆንም ሸረፈዲን እዚሁ የካ ተወልዶ፣ በሱቁ ውስጥ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ያደገ ልጅ ነው። ቀላ ያለ፣ ደንደን ያለ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ ለመጀመር አፍታ የማይፈጅበት። ያን ቀን ሐምሌ ነበር። ለፎቁ መሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶበት ሥራ ቆሟል። የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ የሚደግፈው ነገር አልተሠራለትም፤ ሠራተኞቹ ቢናገሩም የሰማቸው የለም።

ሸረፈዲን ፓምፑን ሊተክል ወረደ፤ ሕሩይ ቱቦውን ሊይዝለት አብሮት ወረደ። ሦስት የቀን ሠራተኞች ደግሞ ወዲያ ማዶ ጭቃ ይዝቁ ነበር።

«ይሄ ግድግዳ ላብ ላብ ይለዋል» አለ ሸረፈዲን ቀና ብሎ እያየ። «ፈርቶ ነው ወይስ አሞት ነው?»

ሕሩይ ሊስቅ ሲል አፈሩ መጣ።

ጩኸት አልነበረውም። አንድ ትልቅ ሰው ከባድ ትንፋሽ እንደሚተነፍስ ሆነና ቀኑ ጠፋ። ሁለቱን ያተረፋቸው ግድግዳው ሥር ተደግፎ የነበረ የጣውላ ክምር ነው፤ ጣውላው አግድም ወድቆ ሁለት ሰው ተጣብቆ የሚተኛበት ያህል ክፍተት ፈጠረላቸው። ሌሎቹ ሦስቱ ያ ዕድል አልገጠማቸውም።

«ወንድሜ! አለህ?» አለ ሕሩይ ጨለማው ውስጥ።

«አለሁ። እግሬ የት እንዳለ ግን አላውቅም።»

«እጅህን ወዲህ በል።»

እጁን አገኘው። የሸረፈዲን ግራ እግር ከእንጨት ሥር ተይዞ ስለነበር ከተኛበት መነሳት አይችልም። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ከሥራቸው መጣ። ከላይ እየዘነበ ነው፤ ጉድጓዱም የሚሞላው ቀስ በቀስ ነው። ውሃው የሸረፈዲን ጆሮ ጋ ሲደርስ ሕሩይ መዳፉን ከማጅራቱ ሥር አስገብቶ ጭንቅላቱን ቀና አደረገለት። እንደዚያ እንደያዘው ብዙ ቆየ። ክንዱ ሲደነዝዝ በሌላው እጁ ይደግፈዋል። «አፍህ ከውሃው በላይ ነው» ይለዋል በየጊዜው፤ ሸረፈዲን ማየት ስለማይችል፣ ራሱም ለመስማት።

ሸረፈዲን የሚያውቀውን ሱራ ሁሉ ቀራ። ሕሩይ እግዚኦታውን አደረሰ። ከላይኛው ዓለም የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

«ሰማህ» አለ ሸረፈዲን በመጨረሻ። «የምንወጣ አይመስለኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም ያልነገርኩት ነው። ይዤው መሞት አልፈልግም።»

ነገረው። ይወደው ስለነበረ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ነገረው፤ ልጁ ሚስት ሲያገባ እሱ ራሱ እንዴት ታምሞ አልጋ እንደያዘ፣ ቤተሰቡ ወባ መስሏቸው እንዴት ሐኪም ቤት እንዳመላለሱት። ሲጨርስ መሰደብን ጠበቀ። ከማጅራቱ ሥር ያለው እጅ ግን አልተነሳም።

«እኔም» አለ ሕሩይ።

ሰው የሚያወጣቸው ቢሆን ኖሮ ያችንም ቃል ባልተናገራት ነበር።

በማግስቱ ቀትር ላይ አወጧቸው። የሰፈሩ ሰው በአካፋ፣ በእጁም ጭምር ሲቆፍር አድሮ ነበር። ሲግናል መንገዱ በሰው ተዘግቶ፣ የሕሩይ ጭንቅላት ብቅ ሲል እልልታው ቀለጠ። የሦስቱ ሬሳ ሲወጣ ደግሞ ያው ሕዝብ አለቀሰ።

ሐኪም ቤት አልጋቸው ጎን ለጎን ነበር፤ በነዚያ ቀናት ግን አይተያዩም። ሁለቱም ልንሞት ነው ብለው የተናገሩትን ይዘው በሕይወት ተገኝተዋል። እያንዳንዳቸው ሌላውን ሊያጠፋ የሚችል ቃል በአፉ ይዟል። ሸረፈዲን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ሕሩይ ጣሪያው የሚወድቅበት ስለሚመስለው ዓይኑን አይከድንም። አንድ ቀን ነርሷ የሸረፈዲንን ቁስል ስትጠርግ አመመውና ጮኸ። ሳያስበው እጁን ወደ ሕሩይ ዘረጋ። ሕሩይም ሳያስበው ያዘው። ነርሷ «የተባረካችሁ! እንዲህ ያለ ወንድማማችነት አይቼም አላውቅ» አለች። ያኔ ተያዩ። ሸረፈዲን መሳቅ ጀመረ፤ ሕሩይም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘገይ ሳቀ።

አብረው እንዲኖሩ ያሉት ራሳቸው ሓጂ ዒምራን ናቸው። ሸረፈዲን ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ እየባነነ ይጮሃል፤ ቤተሰቡ ተቸገረ። ሕሩይ ሲጠይቀው በመጣ ቀን ግን አጠገቡ ጋደም ብሎ እንደ ሕፃን ተኛ። አባትየው ይህን አይተው እንባቸው መጣ። «ልጄ፣ ከዚህ ልጅ ጋር ስትሆን ትተኛለህ። እስክትድን ከሱ ጋር ኑር» አሉት። እንዲህ ሆነና ፈረንሳይ፣ ወይዘሮ አገርነሽ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩ። ወይዘሮ አገርነሽ የሕሩይን እናት የሚያውቁ፣ ልጅ የሌላቸው፣ አፈ ፈጣን ሴት ናቸው። የሰፈሩም ሰው አከበራቸው። ሁለት ወንድ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ እንዴት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሕሩይ በሩ ካልተከፈተ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ያንንም የሚያዩ «ተዋቸው፤ ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ናቸው» ይላሉ።

ደስተኛ የሆኑበት ጊዜ ያ ነው። ሕሩይ ወደ መሠረት ቁፋሮ መውረድ ስላልቻለ አንድ የብረታ ብረት ሱቅ ተቀጠረ፤ ሸረፈዲን እያነከሰ ላምበረት ይመላለሳል። በረመዳን ሕሩይ ከሥራ ሲመለስ ቴምርና ሳምቡሳ ገዝቶ ይገባል። በሁዳዴ ደግሞ ሸረፈዲን ሥጋ ደጅ በልቶ ይመጣል፤ ሽታው ቤት እንዳይገባ ብሎ እጁን ሁለት ጊዜ ይታጠባል። እሁድ እሁድ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። ሸረፈዲን በእግሩ ምክንያት ቶሎ ይደክመዋል፤ ሕሩይ ግን አይደግፈውም፤ ቀድሞት ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ከተማው ከሥራቸው ጭጋግ ለብሶ ሲታይ ሸረፈዲን ወሬውን ይጀምራል።

«ብንሄድስ?»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው ወደማያውቀን።»

«ሰው የማያውቀን ጊዜ ነው ሁለት ወንድ ምን ይሠራሉ የሚሉት» አለው ሕሩይ። «እዚህ ቢያንስ ጉድጓዱ አለልን።»

ልክ ነበር። ግን ጉድጓዱም ለዘለዓለም አይከልልም።

ያጋለጣቸው በግቢው ውስጥ የሚኖር ዘነበ የሚባል የታክሲ ሾፌር ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገት ዝናብ ወረደና የተሰጣ ልብሳቸው ሊርስባቸው ሆነ። ልብሱን ሰብስቦ ሊሰጣቸው፣ እንደ ሁልጊዜው ክፍት በነበረው በር ገባ። ሕሩይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ሸረፈዲን ፊቱን በሁለት እጁ ይዞታል። ወንድም ወንድሙን እንደዚያ አይስምም። ዘነበ ልብሱን መሬት ላይ ጥሎ ወጣ።

ለሁለት ሦስት ቀን ምንም አልተሰማም። ከዚያ ባለ ሱቁ ሕሩይ ሰላም ሲለው ዕቃ መደርደር ጀመረ። የቧንቧው ወረፋ ላይ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። የሰፈር ወጣቶች ከኋላቸው ያፏጫሉ። አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ እያለች፣ ጣሪያው ላይ ድንጋይ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እንደ በረዶ። ሕሩይ አልጋ ሥር ገባ። ሰው ድንጋይ እየወረወረ መሆኑን እያወቀም፣ ሰውነቱ ግን አፈሩ ተመልሶ መጣ ብሎ አመነ። ሸረፈዲን አብሮት ተኝቶ አቀፈው፤ ድንጋዩ እስኪቆም ሁለቱም አልተነሱም።

ወይዘሮ አገርነሽ ነጠላቸውን አገልድመው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እኔ ምንም አላየሁም» አሉ። «ያላየሁትን አልናገርም። ያንተን እናት የቀበርኩ ሰው ነኝ፣ ሕሩይ፤ በአንተ ላይ አፌን አልከፍትም። ግን ቆርቆሮው የኔ ነው ልጄ፤ የሚወገረው የኔ ቤት ነው። ነገ ደግሞ ድንጋይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ለፖሊስ እንናገር የሚሉም አሉ። ሳይመሽ ውጡልኝ።»

«እማማ፣ ወዴት እንሂድ?» አላቸው ሸረፈዲን።

«እሱን ለእኔ አትንገሩኝ። ካላወቅሁ አላወጣውም።»

በፌስታልና በሁለት ሻንጣ ወጡ። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል አገኙ፤ ምድር ቤት ነው፣ ከላያቸው አራት ፎቅ አለ። ሕሩይ እዚያ መተኛት አልቻለም። ጣሪያው ኮንክሪት ነው፤ በውስጡ ያለውን ብረት እያንዳንዱን ያውቀዋል፤ የት ላይ ሊቆጠብበት እንደሚችል ጭምር። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያድራል። ሸረፈዲን ደግሞ ብቻውን ሲተኛ ይጮሃል። ጎረቤት ማጉረምረም ጀመረ። ያን ጊዜ ሓጂ ዒምራን ለሕሩይ ደወሉና ሱቅ ድረስ ና አሉት።

ከሱቁ ጀርባ፣ በተፈቱ ሞተሮች መካከል፣ በርጩማ ሰጡት። ራሳቸውም ተቀመጡ።

«ወሬው እኔም ጋ ደርሷል» አሉ። «እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ብጠይቅህ አትዋሸኝም፤ ካልዋሸኸኝ ደግሞ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«ሓጂ...»

«ስማኝ ልጄ። ለሸረፈዲን አንዲት ልጅ ታጭታለታለች። ጀናን ትባላለች፣ የወራቤ ልጅ ናት፣ ጥሩ ልጅ። ካገባ አፉ ሁሉ ይዘጋል። ካላገባ እሱንም ይገድሉታል፣ አንተንም። እሱ እምቢ አለኝ። አንተ እያለህለት እሺ አይልም።» እጃቸውን ዘርግተው የሕሩይን መዳፍ ያዙ፤ ያንኑ ከልጃቸው ማጅራት ሥር የነበረውን። «አንድ ጊዜ አውጥተህልኛል። አሁን ደግሞ ተውልኝ።»

ሕሩይን ሰውየው ቢሰድቡት፣ ቢመቱት ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን ያለቅሱ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ሸረፈዲንን እንጦጦ ይዞት ወጣ። ቀድሞት አልሄደም፤ ጎን ለጎን ነው የወጡት። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን በሆዱ ሲያጠና ነበር። ሸረፈዲን ከጀናን ጀምሮ ነገረው፤ እምቢ እንዳለ፣ አባቱ እንደተቆጡ፣ ሁለቱ እስከ ጥቅምት ወደ ድሬዳዋ መሄድ እንደሚችሉ፣ እዚያ አንድ የሚያውቀው መካኒክ እንዳለ።

«አግባት» አለው ሕሩይ።

ሸረፈዲን በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ምን?»

«አግባት። እኔም ደክሞኛል ሸረፍ። በር ከፍቼ መተኛት፣ ድንጋይ መጠበቅ፣ ሰው ማየት መፍራት ደክሞኛል። እኔና አንተን ያገናኘን ያ ጉድጓድ ነው። አብረን ፈራን። ሌላ ምንም የለም።»

«ትዋሻለህ።»

«አልዋሽም።»

«ዓይኔን እያየህ በለው።»

ሕሩይ ዓይኑን እያየ ደገመው። በሕይወቱ እንደዚያ አስተካክሎ የተናገረው ነገር አልነበረም። ሸረፈዲን ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ አንድ ነገር ከፊቱ ላይ ሲጠፋ ሕሩይ አየው። ሸረፈዲን እያነከሰ ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ። ሕሩይ ይመለሳል ብሎ አልጠበቀም፤ ግን እስኪጨልም አልተነሳም።

ሰርጉ ላይ ተጠራ። ካልሄደ ወሬው እውነት ይሆናል ብለው ሓጂ ሰው ላኩበት። ከሽማግሌዎቹ ተርታ አስቀመጡት፤ አንዱ አጎት ተነስቶ «ይህ ክርስቲያን ልጅ ባይኖር ዛሬ ሙሽራ አይኖረንም ነበር» ብሎ ዱዓ አደረገለት። ሰው ሁሉ አሚን አለ። ሸረፈዲን ከሩቅ ተቀምጦ መሬት ያያል። ሕሩይ ምግቡን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ መርቆ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ የብረት ሱቁን ተወ። እንጦጦ ላይ የችግኝ ጥበቃ ሥራ አገኘ። ቤት አለው፣ አይተኛበትም፤ በረንዳው ላይ ፕላስቲክ ወጥሮ ክረምት ከበጋ ደጅ ያድራል። ሳል ያዘው። የሚያናግረው ሰው የለም፤ እሱም አይፈልግም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ጀናን መጣች። ልጅ አዝላለች፤ ዳገቱ አድክሟታል። ሕሩይ ሲያያት ሸረፈዲን የሞተ መሰለው።

«ደህና ነው» አለች ፊቱን አይታ። «ይቅርታ፣ ሳላሳውቅዎ መጣሁ። ስልክዎን የሚያውቅ ሰው አጣሁ።»

«አንተ በይኝ፣ እህቴ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሕፃኗ የሸረፈዲን ግንባር አላት። ጀናን ሳትሸፋፍን ተናገረች። «ይጮሃል። ካገባኝ ቀን ጀምሮ። ውሃው ውሃው ይላል። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፣ ሼኽ ቀራበት፣ ምንም የለም። ስነካው ይመታኛል፤ አውቆ አይደለም፣ ሲነቃ ያለቅሳል። ከአንተ ጋር ሲኖር ይተኛ ነበር አሉኝ። ምን ታደርግለት ነበር?»

ለሕሩይ ከሸረፈዲን የቀረለት ይህ ብቻ ነበር።

«አትወዝውዢው» አለ። «መብራትም አታብሪ። መዳፍሽን ከማጅራቱ ሥር አስገቢና ጭንቅላቱን ትንሽ ቀና አድርጊለት። ትንሽ ብቻ። ከዚያ አፍህ ከውሃው በላይ ነው በይው። እስኪረጋጋ ድረስ ደጋግመሽ። እጅሽን ቶሎ አታንሺ።»

«አፍህ ከውሃው በላይ ነው» አለች፣ ልክ ትምህርት እንደሚይዝ ሰው።

«እንደሱ።»

ልታሳየኝ ትችላለህ ብላ የራሷን እጅ ዘረጋች። ሕሩይ አየር ላይ ጭንቅላት የያዘ አስመስሎ አሳያት። ልጇን አዝላ ስትነሳ «ተኝቶ ሳለ ስምህን ይጠራል» አለችው። በቁጣ አልነበረም። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ወረደች።

ያን ሳምንት ሕሩይ ሸረፈዲንን ዋሽቼህ ነበር ማለት ፈለገ፤ ይህን ብቻ ብሎት ሊመለስ። ላምበረት ወረደ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየው፤ ሸረፈዲን ወፍሯል፣ ጢም አብቅሏል፣ አንድ ፓምፕ ላይ አጎንብሶ ብሎን ይፈታል። ቀና ሲል ተያዩ። መካከላቸው አውቶቡስ አለፈ፣ ተሸካሚ ጋሪ እየገፋ አለፈ። ሸረፈዲን መፍቻውን አስቀመጠ፤ ወደ ውስጥ ገባና የሱቁን መዝጊያ ጎትቶ አወረደው። ገና እኩለ ቀን ነበር።

ሕሩይ ሲመለስ ለራሱ ሰበብ ሰጠ፤ ሰው ሊያየን ይችላል ብሎ ፈርቶ ነው አለ። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ እያለ ከረመ። መስከረም ላይ እንደገና ወረደ። ሱቁ ተከፍቷል፤ ፓምፕ ግን የለም። ከድር የሚባል ወጣት የሞባይል ዕቃ ደርድሮበታል።

«እዚህ የነበሩት ሰዎችስ?» አለው ሕሩይ።

«ሓጂ አረፉ፣ አልሰማህም? ልጃቸው ሚስቱንና ልጁን ይዞ አገር ገባ። ወራቤ መሰለኝ፣ ወይ ሌላ ቦታ። ሱቁን ለእኔ ለቀቀልኝ። ስልኩን እንኳ ቀይሯል።»

«የሚያገኘው ሰው የለም?»

«አጎቱን ጠይቄ ላፈላልግልህ እችላለሁ» አለ ከድር ስልኩን እያወጣ። «ማን ልበለው? ምኑ ነህ?»

ከድር ስልኩን እንደያዘ ይጠብቃል። ከውጭ የመናኸሪያው ረዳቶች ደሴ፣ ደሴ ይላሉ።

«አንድ ሥራ ቦታ ተገናኝተን ነበር» አለ ሕሩይ። «ተወው፤ አያስታውሰኝም።»

ወጥቶ በእግሩ ወደ እንጦጦ ተነሳ። ታክሲ አልያዘም። በሰፈሩ ሲያልፍ ወይዘሮ አገርነሽ በራቸው ላይ ቆመው አዩት፤ ሊጠሩት እጃቸውን አነሱ፤ እሱ ግን አጎንብሶ ይሄድ ስለነበር አላያቸውም።